ከበሮና ድራም ከወሎ፦ በቪዲዮ ሥራ ማግኘትን በተመለከተ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መርሐባ። የምኖረው ደሴ ነው። በሰርግና በባህል ምሽት ድራምና ከበሮ ስመታ 12 ዓመት ሆነኝ። ላለፉት 5 ዓመታት ደግሞ የምመታውን በስልክ እየቀረጽኩ በዩቲዩብ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም እለቃለሁ። ዛሬ ከምጠራበት ሥራ አብዛኛው የመጣው ቪዲዮ አይተው ከደወሉ ሰዎች ነው። ከወልድያ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴ፣ ከመካነ ሰላም ሳይቀር ልጆች በውስጥ መስመር ይጽፉልኛል። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ቪዲዮ በመልቀቅ ብቻ በድራም መኖር ይቻላል?

በቪዲዮው ብቻ ከባድ ነው። ቪዲዮው በሚያመጣው ሥራ ግን ይቻላል። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ድሮ አንድ መቺ ሥራ የሚያገኘው ሰርግ ላይ አይተውት ነው። ሙሽራው ያየዋል፣ የሙሽራው አጎት ያየዋል፣ ለሚቀጥለው ሰርግ ይጠሩታል። ወሬው ከሰፈር ሰፈር እስኪደርስ ዓመት ይፈጃል። አሁን ያ አጎት ስልኩን ከፍቶ ያያችኋል። ኮምቦልቻ ያለ የባንድ መሪ ሐሙስ ማታ ድራመሩ ሲታመምበት ለቅዳሜ ሰው ይፈልጋል። ማንን ይጠራል? ሲመታ ያየውን ነው። እኔን የጠሩኝ እንደዚህ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ የመጣልኝ 340 ሰው ብቻ ካየው ቪዲዮ ነው። ከ340ው አንዱ ሥራ የሚሰጥ ሰው ነበር።

ስለዚህ ስትቀርጹ ሚሊዮን ሰው አታስቡ። ያንን የባንድ መሪ አስቡት። እሱ ማየት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ምቱ አይዛነፍም ወይ፣ ዘፋኝ ሲዘፍን ዝቅ ማለት ታውቃላችሁ ወይ፣ የወሎ ጨዋታ ትችላላችሁ ወይ።

ከእይታ ገንዘብ አይገኝም እንዴ?

ይገኛል፤ ግን ደንቡን አውቃችሁ ግቡ። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበር ይጠይቃል። ከዚያ ላይ ባለፉት 12 ወራት 4,000 ሰዓት የታየ፣ ወይም ባለፉት 90 ቀናት በሾርት (በአጫጭር ቪዲዮ) 10 ሚሊዮን እይታ ያስፈልጋል። አገራችሁ በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ መኖሩንም ዩቲዩብ ራሱ ካወጣው ዝርዝር ላይ አረጋግጡ። ቲክቶክ ለእይታ የሚከፍልበት ፕሮግራም ደግሞ ለጥቂት አገሮች ብቻ የተከፈተ ነው፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን የመሳሰሉት። እዚያም 10,000 ተከታይ፣ በ30 ቀን 100,000 እይታና ከ1 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ ይጠየቃል።

እኔ ከእይታ ያገኘሁት ገንዘብ የአንድ ሰርግ ክፍያ አይሞላም። በላይቭ ስጦታ የሚያገኙ ልጆች አሉ። አልቃወምም። ግን ሰዓቱን ሙሉ «ጊፍት ላኩ» ሲሉ ያመሹና ልምምድ የሚያደርጉበት ሰዓት ያልቃል። እሱ ያሳዝነኛል።

ውጭ አገር በቪዲዮ የታወቁ ድራመሮች አሉ አይደል? እነሱ እንዴት ቻሉ?

አሉ። ናንዲ ቡሼል የምትባል ልጅ በ2010 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ተወልዳ እንግሊዝ አገር ያደገች ናት። ቤቷ ውስጥ ስትመታ ወላጆቿ እየቀረጹ ይለቁ ነበር። በ2020 ፉ ፋይተርስ የሚባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ መሪ የሆነውን ዴቭ ግሮልን በቪዲዮ ለፉክክር ጠራችው። እሱም መለሰላት። በነሐሴ 2021 ሎስ አንጀለስ ላይ ከነባንዱ መድረክ ላይ አወጣት። አሜሪካዊው ሉክ ሆላንድ የሌሎችን ሙዚቃ እየመታ ዩቲዩብ ላይ ሲለቅ ቆይቶ ነው ወደ ታወቀ ባንድ የገባው። ደቡብ አፍሪካዊው ኮበስ ፖትጊተርም እንዲሁ ከክፍል ውስጥ ቀረጻ ተነስቶ ዓለምን ዞሯል።

ሦስቱን ቁጭ ብዬ አይቻቸዋለሁ። እጃቸው ይታያል። ፊታቸው ይታያል። ናንዲ ስትመታ ደስታዋ ከስክሪኑ ይወጣል። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካሜራ ስናይ ፊታችን ይቋጠራል፤ ፈተና የተቀመጥን እንመስላለን።

እሺ፣ ምን ልምታ? የውጭ ሙዚቃ ወይስ የኛን?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው።

የውጭውን ተማሩበት። እጅ ያፍታታል፣ እግር ያሠራል። ግን ያንኑ የሮክ ምት የሚመቱ ከብራዚል እስከ ጃፓን ስንትና ስንት አሉ። የኛን የሚመታው ማነው? አስቡት እስቲ። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ የቦታ ስም ነው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አምባሰል ወረዳና ተራራ ነው። አምባሰል ሲባል ማሪቱ ለገሰን የማያስታውስ የለም። እኛ እንዲህ ያለ ምድር ላይ ተወልደን ቪዲዮአችን ሁሉ የሰው አገር ምት ከሆነ ያስቆጫል።

ቅኝት የዜማ ነገር ነው፤ ከበሮ ቅኝት የለውም። ታዲያ መቺውን ምን ያገባዋል? በጣም ያገባዋል። ትዝታ ሲዘፈን ምቱ ቦታ መልቀቅ አለበት። ዘፋኙ ቃሉን ሲያረዝም አንተ ካልጠበቅከው ዘፈኑ ይሞታል። ዝም ማለት መቻል ትልቅ ችሎታ ነው። ቪዲዮ ላይ ደግሞ እሱን የሚያሳይ ብዙ ሰው የለም፤ ሁሉም ፍጥነቱን ነው የሚያሳየው።

ትከሻ የሚያስመታውን የጭፈራ ምት፣ ችክችካን ውሰዱ። 6/8 ነው የሚቆጠረው። ስድስቱን ምት ሁለት ቦታ ከፍላችሁ በእግር ትረግጣላችሁ፤ እጃችሁ ደግሞ ያንኑ ስድስት ሦስት ቦታ ሊከፍለው ይችላል። ያ ግጭት ነው ትከሻን የሚያነሳው። ይህንን በዝግታ ከፍላችሁ፣ መጀመሪያ እግር ብቻ፣ ቀጥሎ እጅ፣ ቀጥሎ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ ብታሳዩ የውጭ አገር ሙዚቀኛም ይማርበታል። እኔ እንዲህ የቀረጽኩት የ4 ደቂቃ ቪዲዮ ከሁሉም በላይ ዕድሜ ያለው ሆኗል። ከ3 ዓመት በኋላም ሰው እየገባ ይጠይቅበታል።

ከዚያ ቀጥሎ እናቶቻችን አሉ። በሰርግ ዋዜማ አክስቶቼ አታሞ ይዘው የሚመቱትን ድራም ላይ ለመገልበጥ ስንት ሌሊት ለፋሁ! ዛሬም ልክ አይመጣልኝም። በሁለት ጣት የሚያስገቡት ትንሽ ምት አለ፤ ስማቸው፣ ትምህርት ቤታቸው የማይታወቅ ሴቶች ናቸው የፈጠሩት። ሄዳችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። አስፈቅዳችሁ ቅረጹ። «ይህን ያስተማሩኝ እማማ እገሊት ናቸው» ብላችሁ፣ ከፈቀዱ፣ ጻፉ።

የቤተ ክርስቲያን ከበሮና የመንዙማ ድቤ እየቀረጹ መልቀቅ ችግር አለው?

ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ ወሎዎች ሁለቱንም እየሰማን ነው ያደግነው። ላሊበላ በገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ ከበሮው ሆድ ውስጥ ይገባል። በመውሊድ ሐድራ ደግሞ መሪው መንዙማውን ሲያወርድ ተቀባዩ በጭብጨባ፣ ድቤው ከሥር ሲሄድ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም የሚሰሙበት አገር ነው ወሎ።

ግን ሁለቱም ጸሎት ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ እያንዳንዱ ክፍሉ ትርጉም አለው፤ ሰፊውና ጠባቡ አፉ፣ የለበሰው ጨርቅ፣ ጠፍሩ ሳይቀር። ጠፍሩ ጌታ የተገረፈበት ሰንበር ምሳሌ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ያንን ለእይታ ብሎ ክፍል ውስጥ «ቻሌንጅ» ማድረግ ሰው ያስከፋል፤ ባያስከፋ እንኳ አይገባም። በመንዙማም በኩል ከበሮ መጠቀምን የማይቀበሉ ወገኖች አሉ። ክርክሩን ለዑለማዎች ተዉት።

እኔ የምከተለው ይህን ነው። በአምልኮ ቦታ ያለ ፈቃድ ካሜራ አላወጣም። ከተፈቀደልኝም ሳልቆራርጥና ሌላ ሙዚቃ ሳልቀላቅል እለቃለሁ። የድራም ቪዲዮዬ ውስጥ ግን ምቱን ብቻ እንደ ትምህርት ባወሳው እንኳ የቅዱሱን ቃል አላስገባም። አንድ ጊዜ አንድ ሼህ «ልጄ፣ ድምፁን ወስደህ አደቡን እንዳትተወው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም።

ድራም የለኝም። ምን ላድርግ?

አብሽር። እኔም ለ4 ዓመት አልነበረኝም። የመኪና ጎማ ቁራጭ ጣውላ ላይ ለጥፌ ነው የተለማመድኩት። ዱላ ይነጥራል፣ ድምፁ ጎረቤት አይረብሽም። ለእግር ደግሞ ወለሉን መርገጥ ይበቃል።

ለቪዲዮ አንድ ከበሮ ይበቃችኋል። እንዲያውም አንድ ከበሮ ይዞ በደንብ የሚመታ ልጅ፣ የተበደረ ሙሉ ድራም ላይ ተቀምጦ ከሚንገዳገደው ይበልጣል። ሙሉ ድራም ለመድረስ ደግሞ መንገዱ ሰው ነው። ደሴ ውስጥ ወሎ ባህል አምባ አለ። በየዞኑና በየከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች የኪነት ቡድን አላቸው። የሰርግ ባንዶች አሉ። መሣሪያ በመሸከምና በመዘርጋት እርዷቸው። የሚለማመዱበትን ሰዓት ጠይቁ። ከልምምዱ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ገመድ ስጠቀልል ነበር፤ ደሞዜ ያቺ ግማሽ ሰዓት ነበረች።

በስልክ ስቀርጽ ድምፁ ይሰነጠቃል። እንዴት ላስተካክለው?

የሁሉም ችግር ነው። የስልክ ማይክ የተሠራው ለንግግር ነው። ድራም ሲመጣበት አይችለውም። በዚያ ላይ ስልኩ ራሱ ጣልቃ ይገባል፤ ድምፅ ሲበዛ ዝቅ ያደርጋል፣ ጸጥ ሲል ከፍ ያደርጋል። ለዚህ ነው ባስ ድራም (በእግር የሚመታውን ትልቁን) በመታችሁ ቁጥር ሲምባሉ (የብረት ሳህኑ) ውኃ ውስጥ የገባ የሚመስለው።

መጀመሪያ ራቁ። ከ3 እስከ 4 ሜትር ጥሩ ነው። ግን አታብዙት፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፣ 10 ሜትር ስትርቁ እጅና ድምፅ መለያየት ይጀምራሉ። ቀጥሎ ክፍሉን አለስልሱ። ባዶ የብሎኬት ክፍል ያስተጋባል። ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ፍራሽ ካለ ጥግ ላይ አቁሙ። ለውጡ ያስደንቃችኋል። ባስ ድራሙ ውስጥ ደግሞ አሮጌ ትራስ አስገቡ።

ሁለት ስልክ ካላችሁ አንዱ ምስል፣ ሌላው ድምፅ ይቅረጽ። የድምፁን ስልክ ከድራሙ ኋላ፣ ከትከሻችሁ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የድምፅ መቅጃ አፕ ስትመርጡ ድምፁን በእጅ ዝቅ ማድረግ የሚያስችለውን ውሰዱ። ከመጀመራችሁ በፊት ካሜራው እያየ አንዴ አጨብጭቡ። ኤዲት ስታደርጉ የጭብጨባውን ምስልና ድምፅ ታገናኛላችሁ፣ ሌላው ሁሉ ቦታው ላይ ይቀመጣል።

ከበሮ ብቻ የምትመቱ ከሆነ ሥራው ይቀላል። ከሰፊው አፍ ወፍራሙ፣ ከጠባቡ ቀጭኑ ድምፅ ስለሚወጣ ስልኩን ከፊት ለፊት መሃል ላይ አድርጉት። ወደ አንዱ ካጋደለ አንዱ እጅ ይጠፋል። ሰው ደግሞ ማየት የሚፈልገው ሁለቱን እጅ ነው።

ድምፅ ማሳመሪያ ስትነኩ እጃችሁን ሰብስቡ። ማስተጋቢያ የበዛበት ቪዲዮ ስህተት ይደብቃል። የባንድ መሪም ያንን ያውቃል።

ቪዲዮዬ ላይ መብራቱ ይርገበገባል፤ ለምን?

የኛ መብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚዞረው። ስልኩ በሰከንድ 30 ወይም 60 ፍሬም (ምስል) ሲቀርጽ ይጋጫሉ። ስልካችሁ ከፈቀደ ወደ 25 ወይም 50 ቀይሩት። ካልፈቀደ በቀን ብርሃን፣ መስኮት ፊት ለፊት ቅረጹ። ጠዋት የደሴ ብርሃን ከየትኛውም አምፖል ይበልጣል።

ክረምት ላይ የከበሮዬ ቆዳ ይረግባል።

ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ድምፁም ይወርዳል። የደሴ ጭጋግ ደግሞ አይምርም። ከቀረጻው በፊት ፀሐይ ላይ አውጡት። ፀሐይ ከሌለ ከሰል አጠገብ፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ እያዟዟራችሁ አሙቁት። አታስጠጉት፤ አንዴ ከተሰነጠቀ አይመለስም። ጧት ደሴ ቀርጻችሁ ከሰዓት ኮምቦልቻ ብትወርዱም ድምፁ ይለያል፤ ሙቀቱ ቆዳውን ይወጥረዋል።

የታወቀ ዘፈን ላይ ስመታ ዩቲዩብ ያስጠነቅቀኛል። አካውንቴ ይዘጋል?

ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛው ክሌም (የባለመብት ይገባኛል ጥያቄ) ነው። ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባል መለያ አለው፤ ዋናውን ቅጂ ከሥር ካጫወታችሁ ያውቀዋል። ባለመብቱ ቪዲዮውን ማገድ፣ ወይም ገቢውን መውሰድ፣ ወይም ዝም ብሎ መከታተል ይችላል። ይህ ቻናል አያዘጋም። ሁለተኛው ስትራይክ (የቅጣት ማስጠንቀቂያ) ነው። ባለመብቱ በሕግ መንገድ አውርዱልኝ ሲል ይመጣል። አንዱ ስትራይክ በ90 ቀን ይሰረዛል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ከሞላ ግን ቻናሉ ይዘጋል።

በኛም አገር ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። ደራሲውን በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ከዋኙንም፣ ማለት ሙዚቃውን የሚጫወተውን፣ ይጠብቃል፤ እናንተም ከዋኝ ናችሁ። ማለትም የሰርግ ቪዲዮአችሁን ሌላ ሰው ወስዶ የራሱ አስመስሎ ቢለቅ መብት አላችሁ።

«የሕዝብ ዘፈን ነው፣ ባለቤት የለውም» የምትሉ አላችሁ። ዜማው የሕዝብ ሊሆን ይችላል። የተቀረጸው ቅጂ ግን የቀረጸው ሰው ነው። መፍትሔው ደስ የሚል ነው፦ ማሲንቆ ወይም ክራር የሚጫወት ጓደኛ ጋብዙና ራሳችሁ ተጫወቱት። ክሌም የመምጣት ዕድሉ ይቀንሳል፣ ቪዲዮውም ሕይወት ይኖረዋል፣ ለጓደኛችሁም ሥራ ይመጣል። እኔ አብሬው የምሠራው የማሲንቆ ተጫዋች የተገኘው እንደዚህ ነው፤ አሁን ሰርግ የምንጠራው አንድ ላይ ነው።

በሳምንት ስንት ልልቀቅ? ዳታ ውድ ነው፣ ኔትም ይደክማል።

በሳምንት አንድ ጥሩ ይበቃል። ዋናው አለማቋረጥ ነው። በባለ 1080 ጥራት የተቀረጸ 1 ደቂቃ እንደ ስልኩ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይወስዳል። ስለዚህ አጭር ቅረጹ፣ ቆርጣችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ሌሊት ላይ ጫኑት። በቴሌግራም ለጓደኛ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁ ይጨምቀውና ጥራቱን ይበላዋል።

የአገራችንን የጊዜ ሰሌዳም አትርሱ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ይበዛል፤ የሚደግሱ ሰዎች ሙዚቀኛ የሚፈልጉት ከዚያ ቀደም ብለው ነው። ጥሩ ጥሩ ቪዲዮአችሁን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አውጡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም አለ። በነዚህ ጊዜ የጭፈራ ቪዲዮ ባትለቁ ሰው ያከብራችኋል። የልምምድ ሰዓት አድርጓቸው።

ስድስት ወር ለቅቄ 200 እይታ ብቻ ነው ያለኝ። ልተው?

አትተው። 200 ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ቢቀመጥ ስንት እንደሆነ አስበው። ግን ቪዲዮውን መርምር። የመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ላይ ምን አለ? ብዙዎቻችን ስልኩን አስተካክለን፣ ተቀምጠን፣ ጉሮሯችንን ጠርገን ነው የምንጀምረው። እሱን ቁረጠው። ምቱ መሃል ላይ ጀምር። ርዕስህ «ድራም 7» ከሆነ ማንም አያገኘውም፤ «የወሎ ችክችካ በድራም፣ ደሴ» ብትለው የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል።

ሰው ደወለልኝ። ስንት ልጠይቅ?

ዋጋው እንደ ከተማው፣ እንደ ሰዓቱና እንደ መንገዱ ነው። የአካባቢያችሁን ነባር መቺ ጠይቁ፤ ከእሱ በታች ወርዳችሁ ገበያውን አታበላሹ። ትራንስፖርት፣ ማደሪያና ምግብ ከክፍያው ውጪ መሆኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ግማሹን በቅድሚያ በቴሌብር ወይም በባንክ ተቀበሉ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ የሰርግ አዘጋጅ ቪዲዮዬን አይቶ ደወለልኝ። በደስታ ምንም ሳልቀበል ሄድኩ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት መታሁ። «ነገ እልክልሃለሁ» አለኝ። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም። የተመለስኩት በብድር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅድሚያ ሳልቀበል ከበሮዬን መኪና ላይ አልጭንም። የተስማማችሁትን በጽሑፍ፣ በቴሌግራም መልእክት እንኳ ቢሆን፣ አስቀሩት።

ሴት ነኝ። ወሎ ውስጥ ድራም ብመታ ሰው ምን ይለኛል?

እህቴ፣ ከበሮ ከመጀመሪያውም ያንቺ ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ሲወጣ ከበሮውን የሚይዙት ልጃገረዶች ናቸው። በሰርግ አታሞውን የያዙት እናቶች ናቸው። ድራም ላይ ስትቀመጪ አዲስ ነገር የጀመርሽ አይምሰልሽ። ማታ ለሥራ ስትሄጂ ግን ብቻሽን አትሂጂ፤ የምታውቂው የባንድ አባል ይኑር፣ መመለሻሽን አስቀድመሽ ያዢ። ስልክ ቁጥርሽን በይፋ ከመጻፍ ለሥራ ብቻ የሚሆን ሌላ ቁጥር አውጪ።

ቤተሰቦቼ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ይሉኛል።

አባቴ ለሁለት ዓመት አላናገረኝም። ስለዚህ ቀላል ነው አልልም። አትጣሉ፣ አትመልሱላቸው። ትምህርት ወይም ሥራ ካላችሁ አታቋርጡ። የመጀመሪያውን ክፍያ ስታገኙ ቤት አስገቡት። አባቴን የመለሰው ግን ገንዘቡ አይመስለኝም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ስልኩን ይዞ መጥቶ የአታሞ ምት የመታሁበትን ቪዲዮ አሳየው። «ይሄ የእናቴ ምት ነው» አለ። ደግሞ አየው። ሦስተኛም አየው። ማታ ቡና ላይ ጠራኝ።

ኮሜንት ላይ ይሰድቡኛል።

ስድቡን አጥፉት፣ እርማቱን አቆዩት። አንዴ የማላውቀው ሰው «ምትህ ይሮጣል» ብሎ ጻፈብኝ። ተናደድኩ። የምት ፍጥነት በሚቆጥረው መሣሪያ፣ በሜትሮኖም ስለካው እውነቱን ነበር፤ 40 ሰከንድ ውስጥ በደቂቃ ከ96 ምት ወደ 108 ሄጃለሁ። ያ ሰው መምህሬ ነው።

ለመታወቅ የግድ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ?

ባንዶቹና ስቱዲዮዎቹ እዚያ ይበዛሉ፤ እውነት ነው። ግን የቤት ኪራዩን አስቡት። እዚህ ሆናችሁ 30 እና 40 ጥሩ ቪዲዮ ሥሩ። ከዚያ ተጠርታችሁ ሂዱ። ተጠርቶ የሄደና ሊፈልግ የሄደ እኩል አይታዩም። ደግሞ እዚያ የሚጠሩን «የወሎ ምት የሚችል» ብለው ነው። ያንን የምንማረው እዚህ ነው።

የመጀመሪያ ቪዲዮዬን ዛሬ ልቅረጽ። ምን ላድርግ?

ሌንሱን በጨርቅ ጥረግ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስልኩን ወንበር ላይ በመጽሐፍ ደግፈው። ሁለቱም እጅህ መታየቱን አይ። በሜትሮኖም ምቱን በጆሮህ ያዝ፣ ከዚያ አጥፋው። ለ40 ሰከንድ አንድ ምት ብቻ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ምታ። 10 ጊዜ ቅረጽና የተረጋጋውን ምረጥ። ከሥሩ ስምህን፣ ከተማህን፣ ምን እንደምትመታና የምትገኝበትን ስልክ ጻፍ። ስልኩን ደግሞ ክፍት አድርገው፤ የባንድ መሪ ሐሙስ ማታ ነው የሚደውለው።